ለሰይድ፣ ስለ መኪናችን ዝናብ መጥረጊያ

ሰይዴ፣

ደብዳቤ ሲጻፍ መጀመሪያ የሰው ጤና ይጠየቃል። አንተን ግን ጤናህን ልጠይቅህ አልችልም። አላህ ማረፊያህን ያስፋልህ፣ ኑር ያድርግልህ ብዬ ልጀምር። ከተለየኸኝ አንድ ክረምት አልፎ ሁለተኛው ገብቷል። ያለፈው ዘንቦ ይሆናል፣ እኔ ግን አላየሁትም፤ ሰው ሲገባ ሰው ሲወጣ መደቡ ላይ እንደተቀመጥኩ አለፈ። ዘንድሮ ግን የመጀመሪያው ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰማሁት። ስሰማው ግራ እጄ ሳላዛት ከጭኔ ላይ ተነሳች። ለምን እንደተነሳች አንተ ታውቃለህ። ይህን ደብዳቤ ሌላም ሰው ያነበው ይሆናል፤ ስለዚህ የምታውቀውንም አብሬ ብጽፍልህ አትሰልች።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። ፋጡማ ሁለተኛ ልጇን ወልዳለች። ሴት ናት፣ ቅንድቧ ያንተ ነው። አሁንም እዚያው ውጫሌ ናቸው፤ ባሏ ደህና ሰው ነው፣ በየጁምዓው ይደውልልኛል። ስልኩን ልጅቷ አፍ ላይ ያደርግልኛል፣ ትንፋሿን እሰማለሁ። የጓሮው ዘይቱን አንተ ስትጠብቀው እንቢ እንዳላለ ዘንድሮ አፍርቶ ቅርንጫፉ ጎበጠ። የአጥሩን ጥግ ጎርፍ ወስዶት ነበር፣ ጎረቤታችን ጋሽ ታደሰ መልሶ አቆመልኝ። አሮጊቷ ድመትም ሞተች። የድመቷን ሞት የምነግርህ በከንቱ አይደለም። እሷ ከሞተች በኋላ አይጥ መኪናዋ ውስጥ ገባ፣ የምጽፍልህ ጉዳይ ሁሉ የመጣውም ከዚያ ወዲህ ነው።

መኪናዋ ካቆምክበት ቦታ አልተነሳችም ነበር። ከግድግዳውና ከዘይቱኑ መካከል፣ በሸራ ተሸፍና። ያ ክፉ ጊዜ ሲመጣ በጭድ ከምረህ የደበቅካት፣ ካለፈም በኋላ ጭዱ ከመቀመጫዋ ሥር ተለቅሞ ያላለቀላት፣ ያቺው አሮጌ ላንድሮቨር ናት። ጠዋት ጠዋት ሸራውን ገልጬ አቧራዋን እጠርጋለሁ፣ መልሼ እሸፍናታለሁ። ሌላ ምንም አላደርጋትም።

የዓመቱን ሰደቃ ካወጣን በኋላ ወንድምህ ሁሴን ከኮምቦልቻ መጥቶ አደረ። ጠዋት በረንዳው ላይ ተቀምጦ ተናገረኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ዓይኔን እያየ አልነበረም የተናገረው።

«ዘሀራ፣ ይቺን መኪና እንሽጣት። ቆማ ብረቷን ዝገት ከሚበላው ብረቷን የሚፈልግ ሰው አለ።»

«ብረቷን ብቻ?» አልኩት።

«ሌላ ማን ይፈልጋታል? ነጂዋ ሄደ።»

እኔ በሰው ፊት ብዙ እንደማልናገር ታውቃለህ። ያን ቀን ግን አፌ ከእኔ ቀድሞ፣ ጋሽ ታደሰ ይነዳታል አለ። ሰውየውን አላማከርኩትም ነበር። ጡረታ ወጥቶ የከባድ መኪና መሪ ከጨበጠ ስንት ጊዜው ነው። ሁሴን ወዲያው በአጥሩ ላይ ጠራው። ጋሽ ታደሰ መጣ፣ ሸራውን ገለጠ፣ ከሥሯ ተንበርክኮ አየ፣ ባትሪዋን አስሞልቶ ሞተሯን አስነሳ። ጥቂት አጉረምርማ ተነሳች። ያን ድምፅ ስሰማ ወደ ጓዳ ገባሁ፤ ወጥቼ ስመለስ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነበር።

«ሞተሯ ደህና ናት፣ ፍሬኗም ደህና ነው» አለ። «የገበያ ቀን ሰው ላመላልስባት እችላለሁ፣ መስከረም ላይም ግሸን የሚወጡትን እስከ እግር መንገዱ አደርሳለሁ። ነገር ግን ዝናብ መጥረጊያ የላትም። የአምባሰልን መንገድ በክረምት ያለ መጥረጊያ አልነዳም። ለሰይድ በእጅሽ የምትጠርጊለት አንቺ ነበርሽ። የእኔዋ ሴት መኪና ላይ ስትወጣ ዓይኗን ጨፍና ነው እስክትወርድ የምትሄደው።»

ሁሴን ሳቀ። «ያቺ የመጥረጊያ ሞተር ደሴ እንጂ እዚህ ሐይቅ ከተማ አትሠራም ይባል የለም እንዴ?»

እኔም ሳቅሁ። ከሳቅሁ በኋላ ግን «እስከ ሐምሌ መጨረሻ ታገሰኝ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና «ካልሠራች ግን ሰውየውን እጠራለሁ፣ እንዳትቀየሚኝ» አለኝ። ተስማማን።

የደሴውን ቀልድ አንተ ራስህ ነበርክ የጀመርከው። ፋጡማን የዳርን ጊዜ ሙሽራዋ በሌላ ሰው መኪና አትሄድም ብለህ መኪናዋን ቀለም ቀባሃት። የሐይቁን ቀለም አምጣልኝ ብትለው ባለ ሱቁ ከሐይቁ የባሰ ሰማያዊ ሰጠህ። በብሩሽ፣ በእጅህ፣ ደራርበህ። መስተዋቱን አወለቅክ፣ የመጥረጊያዋን ሞተር ፈተህ አወረድክ፣ ሞተሩ የሚቀመጥበትን ቦታ ሳይቀር ቀባኸው። «የማይታየውን ለምን ትቀባለህ?» ስልህ «ሙሽራ ናት፣ ውስጧም ይመር» አልከኝ። በሠርጉ ዕለት አምራ ነበር፣ እውነት ለመናገር። ሰው ሁሉ እጁን አፉ ላይ አድርጎ አያት።

ከዚያ ቀን በኋላ መጥረጊያዋ አልሠራም አለች። ሞተሩን ፈተህ ደሴ ወሰድክ። ኤሌክትሪክ ሠሪው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ከባትሪ ጋር አገናኘው፣ እንደ ጤነኛ ዞረ። ይዘኸው መጣህ፣ ገጠምከው፣ ዝም። እንደገና ወሰድክ፣ እዚያ ዞረ፣ እዚህ ዝም። ገበያው ሰማና «የሰይድ ሞተር ደሴን ለምዳለች፣ ሐይቅን ንቃለች» አለ። ከገበያተኞቹ እትዬ መይረም ደግሞ ዓይን ነው አለች፤ ያን ሁሉ ቀለም ሲያይ ማሻአላህ ያላለ ሰው አለ ብላ። እኔም አመንኳት። አንተ ራስህ ግማሽ ልብህ አምኖ ነበር መሰለኝ፣ መሪው ላይ ዱዓ ስታነብ አይቼሃለሁ።

እንግዲህ ያቺ መኪና የድሮ ናት፤ የመጥረጊያዋ ሞተር ከመስተዋቱ ሥር በውስጥ በኩል ተቀምጦ ትንሽ የእጅ ማንሻ አለው። ሞተሩ እንቢ ሲል ሰው ማንሻውን በእጁ ወዲያና ወዲህ ሲያደርገው ውጭ ያለው መጥረጊያ መስተዋቱን ይጠርጋል። መሪዋ ግን ከባድ ነው፣ በዳገቱ ላይ ሁለት እጅ ይፈልጋል። ከነጂው አጠገብ የሚቀመጥ፣ እጁን ዘርግቶ ማንሻውን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋታል።

ፋጡማ ከሄደች በኋላ የነበርኩበትን ሁኔታ አንተ አይተኸዋል። አንድ ልጅ ነበረችን፣ እሷም ሄደች። ለምን እንደዚያ እንደሆንኩ ዛሬም አላውቅም። ቤቱን ጠርጌ እጨርሳለሁ፣ መልሼ እጠርገዋለሁ። ገበያ አልወጣም፣ ለቅሶ እንኳ ሰው እየላክሁ እቀር ነበር። አንተ ማታ ስትመጣ ራት አቀርብልሃለሁ፣ ስለ መንገዱ ታወራለህ፣ እኔ እሺ እላለሁ። ከዚያ አንድ ቀን፣ ሰማዩ ጠቁሮ፣ በሩ ላይ ቆመህ ጠራኸኝ።

«ዘሀርዬ፣ ነይ ተነሺ። አርዲቦ ማዶ ሰው ይጠብቀኛል፣ ሊዘንብ ነው፣ ብቻዬን መንገዱን አላየውም።»

እንቢ አልኩህ። ምግብ አልሠራሁም አልኩ፣ ጸጉሬን አልታጠብኩም አልኩ። «ጸጉርሽን ማን አየው፣ እጅሽን ነው የምፈልገው» አልከኝ። ተነስቼ ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወጣሁ።

ያን ቀን የወረደው ዝናብ ከባድ ነበር። ከአርዲቦ ቁልቁል ስንመለስ መንገዱ ወንዝ ሆነ። ግራ እጄን ዘርግቼ ማንሻውን ወዲያ፣ ወዲህ፣ ወዲያ፣ ወዲህ። መጥረጊያው ባለፈ ቁጥር ትንሽ መንገድ ይታያል፣ ወዲያው ይጠፋል። አንተ መሪውን በሁለት እጅህ ይዘህ አምባሰልን ታንጎራጉር ነበር፤ እኔም ሳላስበው በዜማህ ልክ እጄን አንቀሳቅስ ነበር። ዜማው ሲዘገይ እጄ ይዘገያል፣ መንገዱ ይጠፋል፣ ያኔ «ኧረ ዓይኔን አትዝጊብኝ» ትለኛለህ። ቤት ስንደርስ ክንዴ ዝሎ ነበር። ራት ላይ ስለ መንገዱ አንተ ብቻ አልነበርክም ያወራኸው፣ እኔም አወራሁ።

ከዚያ ወዲህ ዝናብ ባለ ቁጥር አብሬህ ነበርኩ። ገበያተኞቹ ለመዱኝ። ከኋላ ተጨናንቀው የተቀመጡት ሴቶች ያሾፉብህ ነበር፣ «ሰይድ፣ ይቺ መኪና በምንድን ነው የምትሠራው?» ሲሉህ አንተም ዘወር ሳትል «በናፍጣና በዘሀራ» ትላቸው ነበር። ፊቴን በነጠላዬ እሸፍን ነበር። ደስ ብሎኝ እንደነበር ነግሬህ አላውቅም። አሁን ነገርኩህ።

እንግዲህ ወደ ዘንድሮው ልመለስ። ሁሴን ከሄደ በኋላ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። እኔ መካኒክ አይደለሁም። ማንበብንም የለመድኩት ከሱቅ በመጣ መጠቅለያ ወረቀት እንደሆነ ታውቃለህ። አንተ ስኳርና ሳሙና ስታመጣ ወረቀቱን አልጥልም ነበር፤ ከጋዜጣ የተቀደደ፣ ከልጆች ደብተር የተቀደደ፣ ከመጽሐፍ የተቀደደ፣ ሁሉንም እያስተካከልኩ ፊደል በፊደል አነብ ነበር። መጨረሻው የት እንዳለ ሳላውቅ ያነበብኩት ታሪክ ብዙ ነው። ከነዚያ ወረቀቶች አንዱ ከተማሪዎች መጽሐፍ የወጣ ነበር፣ ቅመም ተጠቅልሎበት የመጣ። አንድ ባትሪ፣ አንድ አምፖል፣ ከባትሪው ወጥቶ በአምፖሉ አልፎ ወደ ባትሪው የሚመለስ ሽቦ ተስሎበታል። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ የቅመም ቀለም ገብቶበት ግማሹ አይነበብም፤ ስዕሉ ግን ይበቃል። የወጣው ካልተመለሰ አምፖሉ አይበራም። ያን ስዕል ግድግዳው ላይ ለጥፌው አንተ ስቀህብኛል፣ «ሌላ ሰው የመካ ስዕል ይለጥፋል» ብለህ።

መጀመሪያ የባትሪዋን ገመድ ፈታሁ፣ አንተ ሁልጊዜ እንደምታደርገው። ከዚያ በካቻቪቴ የፊቱን ሽፋን ከፈትኩ። አይጡ ያላኘከው ሽቦ ጥቂት ነበር። ከማብሪያው ወደ መጥረጊያው ሞተር የሚሄደው ሽቦ ልባሱ ተበልቶ መዳቡ ራቁቱን ቀርቷል፣ አንድ ቦታ ላይ ጭራሽ ተቆርጧል። መናኸሪያው አጠገብ ካለው ሱቅ አዲስ ሽቦ ገዛሁ። ሻጩ «ለምንድን ነው?» ሲለኝ «ለዝናብ መጥረጊያ» አልኩት፤ ባለቤትሽን ላኪው አለኝ። አንተን ሳያውቅ ነው፣ አዲስ ልጅ ነው። እሺ ብዬ ሽቦውን ይዤ ወጣሁ።

የተበላውን ሽቦ አንድ በአንድ አወጣሁ፤ አንዱን ሳላወጣ ሌላውን አልነካሁም፣ ቦታው እንዳይጠፋኝ። አዲሱን በፒንሳ ቆርጬ፣ ጫፉን ልጬ፣ አጠላልፌ በሽቦ ማጣበቂያው በናስትሮ ጠቀለልኩት። ሹሩባ የሠራ እጅ ለሽቦ አይቸግረውም። ሁለት ቀን ወሰደብኝ። ፊውዙንም ቀየርኩ። ከዚያ የድሮ መብራቷን አምፖል አውጥቼ ሁለት ሽቦ አሰርኩበት፣ እንደ ስዕሉ አንዱ ወደ ባትሪዋ የሚመለስ። ባትሪዋን መልሼ አገናኝቼ ማብሪያውን ስጫን፣ ሞተሩ ጋ የደረሰው ሽቦ ላይ አምፖሉ በራ። ኤሌክትሪኩ ሞተሩ ድረስ ይመጣል ማለት ነው።

ሽቦውን ከሞተሩ ጋር አገናኘሁና ማብሪያውን ተጫንኩ። ዝም።

ልክ እንደ ድሮው ዝም። መኪናዋ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ አልደብቅህም። እትዬ መይረም ዓይን ነው ያለችው ትዝ አለኝ። ሁሴን ብረት የሚገዛውን ሰው ይዞ በበሩ ሲገባ ታየኝ። ከዚያ ግን ግድግዳው ላይ ያለውን ስዕል አሰብኩ። ሄዷል፣ መመለሻው የት ነው? መኪና ውስጥ መመለሻ ሽቦ የለም፤ የመኪናዋ ብረት ራሱ ነው የሚመልሰው። መካኒኮች ማሳ የሚሉት እሱን እንደሆነ አንተና ጋሽ ታደሰ ስትነጋገሩ ሰምቻለሁ። ትርፍ ሽቦ ወስጄ አንዱን ጫፍ የሞተሩ ሆድ ላይ፣ ሌላውን የበሩ ማጠፊያ ብረት ላይ አስነካሁት።

ሞተሩ ዞረ።

ደንግጬ ሽቦውን ጣልኩት፣ ቆመ። እንደገና አስነካሁት፣ ዞረ። ደሴ ላይ ለምን ይዞር እንደነበር ያኔ ገባኝ። ጠረጴዛው ላይ መመለሻ ሽቦ ያደርጉለታል። እዚህ ግን የሚቀመጠው ቀለም ላይ ነው፣ ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ለሙሽራዋ ብለህ የማይታየውን ቦታ ሁሉ ደራርበህ የቀባኸው ቀለም ነው መመለሻውን የዘጋው። ዓይን አልነበረም ሰይዴ። ፍቅርህ ነበር፣ በብሩሽ።

እንግዲህ ቀለሙን ፍቄ ልጨርስ ብዬ ሞተሩን ከቦታው ፈታሁ። ሳነሳው ግን ቦታውን አየሁት። ቀለሙ ተፍቋል። ክብ ሆኖ፣ በቢላ ጫፍ በጥንቃቄ ተፍቆ፣ ብረቱ ወጥቷል። የቆየ ፍቀት ነው፣ ዳር ዳሩ ዝጓል። ከሞተሩ ሥር ደግሞ ከውስጥ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ተጣብቆ ተነስቷል፣ ልክ በሞተሩ እግር መጠን። ብሎኖቹን አየኋቸው፤ እያንዳንዳቸው ከዚያው ጎማ የተቆረጠ ቀለበት ለብሰው፣ አንገታቸውም በናስትሮ ተጠቅልሏል፣ ብረት ከብረት እንዳይነካካ።

ለውሃ ይሆናል ብዬ አሰብኩ መጀመሪያ። ግን ለውሃ ብሎ የብሎን አንገት የሚጠቀልል ማን ነው? ደግሞ ጎማው ላይ ሰማያዊ መስመር አለ። ያንን መስመር አውቀዋለሁ። ወደ ጓሮ ሄጄ የዶሮ ቤቱን በር አየሁ፤ ማጠፊያው ያው ጎማ ነው፣ ያው ሰማያዊ መስመር። ከአርዲቦ በተመለስንበት በዚያው ክረምት፣ ጎማ የፈነዳብን ጊዜ፣ ከተጣለው የውስጥ ጎማ ቆርጠህ የሠራህልኝ ነው። ስለዚህ ያን ጊዜ ታውቅ ነበር። ቀለሙን ፍቀህ፣ ሞተሩ ዞሮልህ፣ መልሰህ በጎማ ዘጋኸው።

ጎማውን በእጄ ይዤ ጋሽ ታደሰ ቤት ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ነበር። ምንም አልጠየቅኩትም፣ እጄን ዘረጋሁለት። አየውና ራሱን ዝቅ አደረገ።

«አገኘሽው» አለ።

«ታውቅ ነበር?»

«እስጢፋኖስ ምስክሬ ነው፣ ሰይድ አስምሎኝ ነበር።» ጎማውን በጣቱ ዳሰሰ። «አንድ ቀን መጥቶ 'ታደሰ፣ ቀለሙን ስፍቀው ሠራች' አለኝ። እንኳን ደስ ያለህ አልኩት። 'አብሽር፣ መልሼ አጠፋኋት' አለኝ። አበድክ ወይ አልኩት። 'ከሠራች ዘሀራ ቤት ትቀራለች' አለኝ። 'ቤት ከቀረች ደግሞ ዝም እንዳለች ታልቅብኛለች። አሁን እኮ ራት ላይ ታወራለች' አለኝ።»

«ታዲያ ይኸን እያወቅክ ነው ያለ መጥረጊያ አልነዳም ያልከኝ?»

«ሌላ ምን ልበል? ያ ሰው ብረቷን ሊወስድ ነው። እኔ እንዳልነግርሽ ምያለሁ። ከፍተሽ እስክታዪው ብዬ ነው።»

ሰይዴ፣ ወደ ቤት ስመለስ ተቆጥቼብህ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት። ክንዴ ሲያመኝ በቅባት እያሸህልኝ፣ «ይቺ ሞተር ጠላችን እኮ» እያልክ፣ ዓይንህ ሳይስቅ። ነይ አብረን እንሂድ ብትለኝ ምን ነበረበት አልኩህ፣ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጬ፣ ድምፄን አውጥቼ። ከዚያ ራሴን አሰብኩት። ነይ ብቻ ብትለኝ አልመጣም ነበር። ጸጉሬን አልታጠብኩም እል ነበር። አንተ የጠራኸኝ ለእኔ ብለህ መሆኑን ካወቅኩ እንቢ እንደምል አውቀሃል፤ ለአንተ ከሆነ ግን እንደምነሳም አውቀሃል። እኔን ከእኔ የበለጠ ታውቀኝ ነበር፣ ይኸንን ይዤ አሁን ለማን ልናገረው? የሚመለሰው ነገር እንዴት እንደሚመለስ ከስዕል ተማርኩ። አንተ የምትመለስበት ግን ሽቦም ብረትም የለም።

ጎማውን መልሼ ላደርገው አስቤ ነበር። በእውነት። ሞተሩን እንዳንተ አሠራር በጎማው ላይ ላስቀምጠው፣ ለጋሽ ታደሰም እጄን እየዘረጋሁ ልሂድ። ግን ያ ወንበር ያንተ ነበር፣ እጄም ያንተ ነበረች። ለሌላ ሰው ዓይኑ ልሆን አልችልም። መኪናዋም ብረት ሆና እንድትሄድ አልፈቅድም። ስለዚህ የዛገውን ክብ በአሸዋ ወረቀት አሸሁት እስኪያበራ ድረስ። ብሎኖቹን ከለበሱት አራቆትኳቸው። ሞተሩን አስቀመጥኩት፣ አጠበቅኩት፣ ማብሪያውን ተጫንኩ። ደረቁ መስተዋት ላይ መጥረጊያው እየጮኸ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ሄደ፣ ተመለሰ። ያለ እኔ። አጠፋሁትና ሸራውን አለበስኳት።

ሁሴን ሐምሌ ሳያልቅ መጣ፣ ብቻውን። አሳየሁት። አንዴ አበራው፣ አንዴ አጠፋው፣ እንደገና አበራው። «ወላሂ ሐይቅ ላይ ሠራች» አለ፣ ከዚያ ፊቱን አዞረ። ብረት ስለሚገዛው ሰው ዳግመኛ አላነሳም። «ፋጡማን እንያት» ብቻ አለ።

ውጫሌ የሄድን ዕለት ጋሽ ታደሰ ነዳ፣ እኔ ቦታዬ ላይ፣ ሁሴን ከኋላ። ገና ከሐይቅ እንደወጣን ዝናቡ ወረደ። ጋሽ ታደሰ ማብሪያውን ተጫነ። መጥረጊያው ጀመረ። እጄን ምን ላድርጋት? ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት፣ ተነሳች፣ በነጠላዬ ሥር ሸሸግኳት። ድሮ ዓይኔ ካንተ መስተዋት አይነቀልም ነበር፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ በኩል ባለው መስኮት አየሁ። ያ ሁሉ ዓመት በአጠገቤ ሲያልፍ ያላየሁት አገር ነበር። የአምባሰል ተራራ ጉም ለብሶ ቆሟል፣ ከገደሉ ላይ ነጭ ነጭ ውሃ ይወርዳል፣ ማሽላው እርጥብ ነው። አንተ ይህን ሁሉ ታይ ነበር፣ ስለ መንገዱ ስታወራ የማትጨርሰው ለዚህ ነበር ብዬ አሰብኩ።

ከዳገቱ በፊት መንገዱ ቀጥ የሚልበት ቦታ ላይ፣ አንተ ፍጥነት ቀንሰህ ታንጎራጉርበት የነበረው፣ ጋሽ ታደሰ መኪናዋን አዘገየ። ከዚያ ምንም ሳይለኝ እጁን ዘርግቶ መጥረጊያውን አጠፋው። ዝናቡ መስተዋቱን በአንዴ ሸፈነው።

«ዘሀራ» አለኝ፣ ፊት ለፊት እያየ፣ «መንገዱን አላየሁትም።»

እጄን ከነጠላዬ ሥር አወጣሁ። ማንሻው ቀዝቃዛ ነበር። ወዲያ፣ ወዲህ። ወዲያ፣ ወዲህ። ማንም አላንጎራጎረም፣ እጄ ግን ዜማውን አልረሳችውም። ዳገቱ ሥር ስንደርስ ጋሽ ታደሰ ማብሪያውን መልሶ ተጫነ፣ እኔም ለቀቅኩት።

ፋጡማ ልጅቷን እቅፌ ላይ አድርጋልኝ ይህን ሁሉ ነገርኳት። እስከ ማታ አወራሁ። «እማ፣ ዛሬ እንዴት ነው ነገሩ፣ አፍሽ ተፈታ» አለችኝ። አባትሽ ነው አልኳት።

ሰይዴ፣ ማንሻውን ትርፍ ነው ብለው እንዲያወልቁት አልፈቅድም። ጎማውን በስዕሉ ወረቀት ጠቅልዬ ከልብስህ ጋር አስቀምጬዋለሁ። በየዓመቱ ክረምት ሲገባ፣ እዚያ ቀጥ ያለው መንገድ ላይ፣ መጥረጊያውን አስጠፍቼ ላንተ በእጄ እጠርግልሃለሁ። አንድ ቀን እጄ ካቃታት ልጅቷን አስተምራታለሁ። እስከዚያ ግን አብሽር፣ ዓይንህን አልዘጋብህም።

ዘሀራህ